ሚያዝያ 27፦ የአንድ ዕለት ታሪክ በልዩ ልዩ ዘመናት

አንድ እሑድ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍለ ጊዜ ካበቃ በኋላ ከተማሪዎቹ አንዱ ወደ ኋላ ቀርቶ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። በወረቀቱ ላይ «ሜይ 5፣ ይኸውም ሚያዝያ 27» በሚል ርእስ ሥር ከየመጻሕፍቱ የለቀማቸውን የታሪክ ድርጊቶች በተርታ ጽፎአቸዋል። በ553 ሁለተኛው የቍስጥንጥንያ ጉባኤ ተከፈተ፤ በ1789 በፈረንሳይ የሦስቱ መደቦች ሸንጎ ተሰበሰበ፤ በ1821 ናፖሌዎን ሞተ፤ በ1936 የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በ1941 ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1945 በኔዘርላንድስ የነበረው የጀርመን ጦር እጁን ሰጠ። በግርጌውም «መምህር፣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሆነው እንዲያው በአጋጣሚ ነውን? ወይስ ቀኑ የተለየ ኃይል አለው?» የሚል ጥያቄ ነበረበት።

በዚያን ዕለት አጭር መልስ ሰጥቼ አሰናበትሁት። መልሴ ግን ራሴንም ስላላረካኝ ጉዳዩን እንደገና መርምሬ ያገኘሁትን ለእርሱም ለእናንተም በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ሲሆን እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ተደርጎበታል።

በልዩ ልዩ ዘመን የሆነውን በዕለቱ እየሰበሰቡ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ስንክሳራችን የተዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው። በጥንት ዘመን በግብፅ ምድር አንገቱን ለሰይፍ የሰጠው ሰማዕትና ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በሀገራችን ገዳም ያረፈው መነኩሴ፣ ዕለታቸው አንድ ከሆነ፣ በአንድ ንባብ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የላቲን ሥርዓት ተከታዮችም በዚሁ ዓይነት የተዘጋጀ የሰማዕታት መጽሐፍ አላቸው። ነገር ግን ስንክሳሩን የሚሰማ ምእመን ቅዱሳኑን ያገናኛቸው ዕለቱ ነው ብሎ አያስብም። ያገናኛቸው ሃይማኖታቸው ነው፤ ዕለቱ መታሰቢያቸው የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነው። በወር በወር 27ኛውን ቀን የመድኃኔ ዓለም መታሰቢያ አድርገን የምናከብረውም ቁጥሩ በራሱ ቅዱስ ስለ ሆነ አይደለም። እንግዲህ የወጣቱን ዝርዝር በዚህ ዓይን እንመልከተው።

ከሁሉ አስቀድሞ «በአንድ ቀን» የሚለው አነጋገር መመርመር አለበት። የዩልዮስ ቄሣር ቀመር ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አድርጎ ስለሚቆጥር ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ይህች ትርፍ ትንሽ ትምሰል እንጂ በ128 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ትሆናለች። በዚህም ምክንያት የፀደይ እኩሌታ፣ ማለትም ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት፣ በ16ኛው መቶ ዘመን አሥር ቀን ያህል ወደ ኋላ ሸሽቶ የፋሲካን አቆጣጠር አዛብቶ ነበር። ስለዚህ ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 13ኛ ሐኪሙ አሎይስዮስ ሊልዮ ያቀደውን፣ ኢየሱሳዊው ክሪስቶፈር ክላቭዮስም የደገፈውን ማሻሻያ ተቀብለው በ1582 እ.ኤ.አ. ከሐሙስ ኦክቶበር 4 ቀጥሎ ያለው ዓርብ ኦክቶበር 15 ተብሎ እንዲቆጠር አዘዙ። አሥር ቀናት ከመዝገቡ ወጡ። ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ ያረፈችው በዚያችው ሌሊት በመሆኑ፣ ኦክቶበር 4 ምሽት ላይ የነበሩት አስታማሚዎችዋ ሲነጋ ራሳቸውን በኦክቶበር 15 አገኙት። በዓልዋም እስከ ዛሬ በዚሁ ዕለት ይከበራል።

አዲሱ ቀመር የሦስት ዓመታትን ትርፍ ቀን በየአራት መቶ ዓመቱ ያስቀራል። የእኛ ባሕረ ሐሳብ ግን በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ፣ ስድስተኛዋን የጳጉሜን ቀን ያለ ማቋረጥ ይጨምራል። ስለሆነም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በየጊዜው ይሰፋል። እስከ 1700 እ.ኤ.አ. አሥር ቀን የነበረው በ18ኛው መቶ ዘመን 11፣ በ19ኛው 12፣ ከ1900 ወዲህም 13 ሆኖአል።

የዚህ ነገር ውጤት በራሳችን ታሪክ ላይ ይታያል። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት ዕለቱን ማርች 1 ቀን 1896 ይላሉ። እኛ ግን በዓሉን የምናከብረው በእነርሱ አቆጣጠር ማርች 2 ቀን ላይ ነው። ብዙ ሰው ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ይመስለዋል፤ ይህን ይዘው የሚከራከሩም አጋጥመውኛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በመካከሉ የ1900 ዓመት አለፈ፤ በዚያ ዓመት አውሮፓውያን የተዉትን ትርፍ ቀን እኛ አልተውንም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በ553 እ.ኤ.አ. ሜይ 5 የተከፈተው የቍስጥንጥንያ ጉባኤ በዩልዮስ ቀመር የተመዘገበ በመሆኑ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 10 ላይ ይውላል እንጂ ሚያዝያ 27 አይደለም። (በነገራችን ላይ ር.ሊ.ጳ. ቪጂልዮስ በዚያን ጊዜ በዚያው ከተማ እያሉ በጉባኤው ላይ ለመቀመጥ ፈቃደኛ አልሆኑም ነበር፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው።) በ1789 የፈረንሳይ ሸንጎ በቬርሳይ የተከፈተበት ሜይ 5 በእኛ ሚያዝያ 29 ነበረ። ናፖሌዎን የሞተበት ደግሞ ሚያዝያ 28 ነው። ወጣታችን ከጻፋቸው ስድስት ድርጊቶች ሦስቱ ከሚያዝያ 27 ወጡ ማለት ነው። ቀኑ የተለየ ኃይል ቢኖረው ኖሮ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሠራ መጠየቅ ግድ ይሆንብን ነበር።

ሆኖም የናፖሌዎንን ነገር እንዲሁ ማለፍ አልወድም። አውሮፓን ያንቀጠቀጠው ይህ ሰው ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 7ኛን ከ1809 እስከ 1814 እ.ኤ.አ. በግዞት ይዟቸው ነበር። ኋላ ራሱ ተሸንፎ በቅድስት ሄሌና ደሴት በተጋዘ ጊዜ፣ ዘመዶቹን በሮማ ተቀብለው ያስጠለሉት፣ የእስሩም ቀንበር እንዲቃለልለት እንግሊዞችን ያስማለዱት እነዚያው አባት ነበሩ። ሜይ 5 ቀን 1821 የሞተውም ከካህን እጅ ቅብዓ ቅዱስ ተቀብሎ ነው። ታላቁ የኢጣሊያ ካቶሊካዊ ደራሲ አሌሳንድሮ ማንዞኒ የሞቱን ዜና እንደ ሰማ በጻፈው ቅኔ ላይ ዕለቲቱን ራስዋን ርእስ አደረጋት። የኢጣሊያ ተማሪዎች «ሜይ አምስት»ን የሚያውቋት በዚህ የተነሣ ነው፤ የወደቀ ድል አድራጊ ዕለት ሆና።

ቀጥሎ የሚመጡት ሁለቱ ሚያዝያ 27ቶች የራሳችን ናቸው። ሁለቱም በአንድ መቶ ዘመን ውስጥ ስለሆኑ በማንኛውም አቆጣጠር አንድ ዕለት ናቸው።

የመጀመሪያው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበረ። ከደሴ የተነሣው የማርሻል ባዶልዮ ጦር ከ1,700 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎችን ይዞ ይገሰግስ ነበር። ያዘገየው ዝናቡና የጣርማ በር ጭቃ ነው፤ ወታደሮቹ መኪናዎቹን በገመድ እየጎተቱ አሳለፉአቸው። ንጉሠ ነገሥት ኀይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደው ስለ ነበረ ከተማይቱ ያለ ጠባቂ ቀርታ በዝርፊያና በቃጠሎ ላይ ነበረች። ባዶልዮ ከቀትር በኋላ ገባ። በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ በሮማ አደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ የጦርነቱን ማብቃት አወጀ። እንግዲህ ይህን ዕለት የመረጠው ማንም አልነበረም። መንገዱ ደረቅ ቢሆን ኖሮ ባዶልዮ ቀደም ብሎ በደረሰ፣ ዝናቡ ቢበረታ ኖሮም በዘገየ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አባቶቻችን በሚገባ ነግረውናል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን የተፈጸመው እልቂት የታወቀ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ ገዳም ተከብቦ በመቶዎች የሚቆጠሩ መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ። ገዳሙ የተከበበው ለግንቦት 12 የተክለ ሃይማኖት በዓል ሰው በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። የዕለት ምርጫ ለክፋትም እንደሚውል ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም።

በዚህ ረገድ ካቶሊካውያን የሆንን አንባብያን ልንሸሸው የማይገባን አንድ ሌላ ዕለት አለ። ፋሺስቶች ኦክቶበር 28 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ወደ ሮማ ያደረጉትን ግስጋሴ የአዲስ ዘመን መጀመሪያ አድርገው ዓመታቸውን ከእርሱ ይቆጥሩ ነበር። በ1935 ዕለቱ በተከበረ ጊዜ በሚላኖ ካቴድራል የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ በኢትዮጵያ ላይ የተጀመረውን ዘመቻ የሚያወድስ ስብከት አሰሙ። ከሁለት ወር በፊት ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ለወረራ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ፍትሕ የሌለው መሆኑን ተናግረው ነበር፤ ድምፃቸው ግን በጭብጨባው ውስጥ ተዋጠ። ኦክቶበር 28 ቆስጠንጢኖስ በ312 እ.ኤ.አ. በሚልቪዮ ድልድይ ድል ያደረገበት ዕለትም ነው፤ የመስቀሉ ምልክት ታሪክ ከዚህ ጋር ይነሣል። የዕለቱ ክብር የድርጊቱን ዕዳ እንደማይከፍል ይህ ያሳየናል። ሙሶሊኒ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት ግሪክን ወረረ፤ ጦሩ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ አልባንያ ተገፍቶ ተመለሰ። ግሪኮች ዛሬ ኦክቶበር 28ን የሚያከብሩት «እምቢ» ያሉበት ቀን አድርገው ነው።

ሁለተኛው የእኛ ሚያዝያ 27 ከመጀመሪያው በጣም ይለያል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ ሀገራቸው ገቡ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ በዚያኑ ዕለት የእንግሊዝ መንግሥት ጦር፣ አብዛኛው ከአፍሪካ የመጣ፣ አዲስ አበባን ያዘ። ያን ጊዜ ወዲያው ገስግሰው ቢገቡ የሚከለክላቸው የጠላት ኃይል አልነበረም። ነገር ግን የእንግሊዝ አዛዦች በከተማይቱ ስለ ነበሩት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢጣሊያውያን ሲቪሎች ሠጉ፤ የየካቲት 12 ሐዘንተኞች ንጉሣቸውን ሲያዩ የሚያደርጉትን ፈሩ። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ወር ያህል ቆዩ። ከዚያም መምጫቸውን ልክ ጠላት በገባበት ዕለት አደረጉት፤ ከአምስት ዓመት፣ ወይም ከ1,826 ቀን በኋላ፣ ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። በእንጦጦ ማርያም ጸሎት አድርሰው፣ ኮሎኔል ዊንጌት በፈረስ ቀድሞ፣ አርበኞቹ በግራና በቀኝ ቆመው ሲቀበሉአቸው፣ ወደ ምኒልክ ግቢ ወረዱ።

በዚያ ያደረጉት ንግግር ፍሬ ነገር ለሕዝቡ የተነገረ አንድ ልመና ነበረ፦ ጠላት የሠራውን ግፍ እንዳይደግሙት፣ ክፉውን በክፉ እንዳይመልሱት፣ ስማቸውንም በበቀል እንዳያጎድፉት። ይህ ቃል በሌላ በማናቸውም ዕለት ሊነገር ይችል ነበር። በሚያዝያ 27 ሲነገር ግን አድማጩ ሁሉ ከአምስት ዓመት በፊት በዚያች ሰዓት የት እንደ ነበረ፣ ማንን እንዳጣ ያስታውሳል። ለመበቀል የተመቸች ዕለት ብትኖር ያች ናት። የተፈራው እልቂት አልደረሰም። ልጅ የተገደለበት አባት፣ ባል የተረሸነባት ሴት በዚያን ዕለት እጃቸውን መሰብሰባቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጦር ሜዳው ድል የሚያንስ አይደለም፤ በታሪክ መጻሕፍት የተሰጠው ቦታ ግን ጥቂት መስመር ነው።

በሐረር ለብዙ ዓመታት የኖሩት፣ ንጉሠ ነገሥቱንም በልጅነታቸው ያስተማሩት የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ ሞንሲኞር ዣሮሶ፣ በሕዝቡ አጠራር አባ እንድርያስ፣ ይህን ዕለት ለማየት አልታደሉም። በወረራው ዘመን ከሐረር እንዲወጡ ተደርገው በፈረንሳይ ሀገር በ1941 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዐርፈዋል። ተማሪያቸው ድንበሩን የተሻገረው በዚያው ሰሞን ነበረ።

የዕለቱ ነገር በዚህ አላበቃም። ጦርነቱ በሚያዝያ 27 አልተፈጸመም፤ ጎንደር የተያዘችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ቢሆንም የድል በዓል የሆነው ሚያዝያ 27 ነው፤ በአራት ኪሎ የቆመው ሐውልትና አደባባዩም በስሙ ተጠሩ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የመጣው መንግሥት ግን በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። መጋቢት 28ን የሚደግፍ ክርክር አለ፤ የጠላት አገዛዝ ከዋና ከተማው የተነቀለው በዚያን ዕለት ነውና። ሆኖም ሚያዝያ 27 ከንጉሡ መመለስ ጋር የተጣበቀ መሆኑ ለዝውውሩ ዋናው ምክንያት ይመስለኛል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በዓሉ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ፤ ዛሬም የአርበኞች ድል መታሰቢያ ሆኖ ይከበራል። አንድ ትውልድ በልጅነቱ በአንድ ዕለት፣ በጉልምስናው በሌላ ዕለት ያንኑ ድል አከበረ። አርበኞቹ ግን ያው ሰዎች ነበሩ፤ በሁለቱም ዕለት ሜዳልያቸውን ደርድረው መጡ።

ለወጣቱ መጨረሻ ላይ የሰጠሁት መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 በዝናብና በጭቃ የመጣ ዕለት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ግን ሰዎች አስበው የያዙት ዕለት ነው፤ ውርደቱ በታተመበት ገጽ ላይ ሌላ ነገር ለመጻፍ ፈለጉ። በእነዚህ ሁለቱ መካከል እውነተኛ ዝምድና አለ፤ ዝምድናውን የሠራው ግን ፈቃድ ነው። ናፖሌዎን ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። «የእግዚአብሔርስ እጅ?» ብሎ ጠየቀኝ። የእግዚአብሔርን መግቦት ከፈለግህ ከቁጥሩ መገጣጠም ይልቅ በዚያች ሰኞ ሰይፉን ወደ አፎቱ በመለሰው ሰው ልብ ውስጥ ፈልገው አልሁት። ጥቂት አሰበና ወረቀቱን መልሶ ወሰደ።

የኔዘርላንድስ ነገር ይቀረናል። የደች ሕዝብ ሜይ 4 ሙታኑን ያስባል፤ በማግሥቱ ሜይ 5 ነጻነቱን ያከብራል። የነጻነታቸው ዕለት ከእኛ ሚያዝያ 27 ጋር የገጠመው በአራት ዓመት ልዩነት ነው፤ ማንም አላሰበበትም፣ ስለዚህም በሁለቱ ሕዝቦች መካከል በየዓመቱ ሁለት በዓላት ጎን ለጎን ይከበራሉ። ይህም እስከ 2099 እ.ኤ.አ. ብቻ ይቆያል። በ2100 አውሮፓውያን ትርፏን ቀን ስለሚተዉአት፣ እኛ ደግሞ በአቆጣጠራችን ከጸናን፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሚያዝያ 27 ሜይ 6 ላይ ይውላል፤ የደቾቹ በዓልም በእኛ ሚያዝያ 26 ይሆናል። ወጣቱ ይህን በራሱ አስልቶ በሚቀጥለው እሑድ አምጥቶ አሳየኝ፤ ስሌቱ ትክክል ነበረ።